ልጄ ባስልኤል በሦስት ቀን ውስጥ በአካል ቀርቦ እንዲያስረዳ ስለተለጠፈው ማስታወቂያ

ሚያዝያ 11 ቀን 2004 ዓ.ም.
ሚዛን ተፈሪ

ለቡና አምራቾች ምዝገባ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረስዎ። ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ባለቤትዎና ልጆችዎስ ደኅና ናቸው? የወገብዎ ሕመም በጾሙ ወራት ተሽሎዎት እንደሆነ ሰው ጠይቄ፣ ተሽሏቸዋል ስላሉኝ እግዚአብሔርን አመስግኛለሁ። ከዚህ በታች የምለምንዎት ነገር ከወንበር መነሳትን፣ እስከ ውጭው በር መሄድንና አንድ እጅን እስከ ትከሻ ከፍ ማድረግን የሚጠይቅ ስለሆነ፣ ወገቡን በሚያመው ሰው ላይ ሸክም መሆን አልፈልግም ነበር።

እኔ የዓለምዘርፍ አስረስ እባላለሁ። በጽሕፈት ቤትዎ የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ የነበረው የባስልኤል ጌታሁን እናት ነኝ። ባስልኤል ጥቅምት 19 ቀን 2004 ዓ.ም. በሃያ ሰባት ዓመቱ በወባ ሞቷል። ይህን የምጽፈው እርስዎ አያውቁም ብዬ አይደለም፤ ቀብሩ ላይ ጥቁር ጃንጥላ ይዘው ከፊተኛው ረድፍ ቆመው አይቼዎታለሁ። የምጽፈው የጽሕፈት ቤትዎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ገና ስላልሰማ ነው።

ሰሌዳው መጋቢት 2 ቀን በተለጠፈና ማኅተም ባለበት ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «ሠራተኛ ባስልኤል ጌታሁን የጽሕፈት ቤቱን የአራት ዓመት የአምራቾች መዝገብ ሆን ብሎ ባዘጋጀው ሲዲ ያጠፋ ስለሆነ፣ ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ በሦስት ቀን ውስጥ በአካል ቀርቦ እንዲያስረዳ፤ ካልቀረበ ጥፋቱን እንዳመነ ይቆጠራል።» ወረቀቱ ከተለጠፈ ዛሬ ሠላሳ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ልጄ እስካሁን አልቀረበም። እንግዲህ አምኗል ማለት ነው።

ከስምንት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 19፣ መንፈቁን እናስባለን። ከቤቴ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ በሰሌዳዎ ፊት ለፊት ያልፋል፤ ሌላ መንገድ የለም፤ በታች በኩል ያለውን ጎርፍ ወስዶታል። የእድሩ ሰዎች፣ ዘመዶቼና አብረውት የተማሩት ልጆች በዚያ በኩል ሲያልፉ ያንን ወረቀት እንዳያነቡት፣ ከዚያ ቀን በፊት እንዲያነሱልኝ እለምንዎታለሁ። ሌላ የምፈልገው ነገር የለም። ልመናዬን ባጭሩ ጽፌ መተው እችል ነበር፤ ነገር ግን ምስጋና የሚገባቸውን ሳላመሰግን ማለፍ ነውር ስለሆነብኝ፣ ከዚህ በታች በቁጥር አስቀምጫለሁ።

አንደኛ፤ ባለፈው ክረምት ዐሥራ አንድ ኮምፒውተሮች ስላስመጡልን አመሰግናለሁ። «ስላስመጡልን» ያልኩት፣ ከዐሥራ አንዱ ቢያንስ አንዱ ክረምቱን ሙሉ እኔ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሆዱ ተከፍቶ ተኝቶ ስለነበር ነው። ልጄ እንዳስረዳኝ፣ የመዝገቡ ፕሮግራም የሚሠራው በዊንዶውስ ኤክስፒ ብቻ ነው። በጽሕፈት ቤቱ እጅ ያለው የኤክስፒ ሲዲ ደግሞ ኮምፒውተሮቹ ከመሠራታቸው ብዙ ዓመት በፊት የወጣ ስለሆነ፣ ሲገባ የኮምፒውተሩን ሀርድ ዲስክ አያውቀውም፤ ስለማያውቀውም ሰማያዊ ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ደርድሮ ቀጥ ይላል። ዱሮ ቢሆን ሲዲው የጎደለውን ፋይል በፍሎፒ እንዲሰጡት ይጠይቅ ነበርና ሰጥቶ መገላገል ይቻል ነበር፤ አዲሶቹ ኮምፒውተሮች ግን ፍሎፒ የሚገባበት ቀዳዳ የላቸውም።

ያንን የጎደለ ፋይል ድራይቨር ይሉታል። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ምስር እየለቀምኩ ምን እንደሆነ ብጠይቀው፣ አሮጌውን ዊንዶውስ ከአዲሱ ዕቃ ጋር የሚያስማማ ነው አለኝ። እንግዲያው ሽማግሌ ነዋ ብዬ ብመልስለት፣ ሳቀና «በቃ እማዬ፣ አንቺ ገብቶሻል፤ አለቃችን ናቸው ያልገባቸው» አለኝ። ይቅርታ ያድርጉለት፤ ቤቱ ውስጥ ሆኖ ለእናቱ የተናገረው ነው።

ስለዚህ ልጄ ሽማግሌዎቹን ሁሉ አስቀድሞ ሲዲው ውስጥ አስገብቶ አዲስ ሲዲ ለመሥራት ተነሳ። ኮምፒውተሮቹ ሦስት ዓይነት ነበሩና የሦስቱንም ድራይቨር ፈልጎ፣ የስክሪኑን፣ የኔትወርኩን፣ የዚያን ወረቀት የሚበላ ፕሪንተራችሁን፣ ከዚያም የገበሬው ስም በራሳችን ፊደል እንዲጻፍ የግእዙን ኪቦርድ ጨመረ፤ የማይጠቅመውን ደግሞ ከውስጡ አወጣ። ከዚያ ሲዲ ላይ ያትማል፣ ያስገባል፣ ይጠብቃል። አንዱ ሲዲ ገና ከመነሻው ሰማያዊውን ያመጣል። ሌላው ደኅና ሄዶ ሄዶ፣ ስክሪኑ ላይ «ሠላሳ አራት ደቂቃ ይቀራል» ይልና እዚያው ይቀራል፤ ምሳ ሠርቼ፣ በልተን፣ ዕቃ አጥቤ ስመለስ አሁንም ሠላሳ አራት ደቂቃ ይቀራል። በዚህ ዓይነት ዐሥራ ስምንት ሲዲ ተበላሸ። የተበላሹትን ወፍ እንዲያባርሩ ጓሮ በቆሎው መሐል በክር ሰቀልናቸው፤ ወፎቹ ሁለት ሳምንት ያህል አከበሩን፤ ጦጣዎቹ ግን አንዱን ፈትተው ይዘው ሄዱ። ዐሥራ ዘጠነኛው ሲሠራ ልጄ በጣም ጮኸ፤ እባብ የገባ መስሎኝ ዱላ ይዤ ነበር የደረስኩት። ለዚህ ሥራ ጽሕፈት ቤቱ የምስጋና ደብዳቤ እንዳልጻፈለት አውቃለሁ፤ አሁን ግን ስሙን በትልቁ ጽፎ ሰሌዳ ላይ ስላወጣለት ቅሬታ የለኝም።

ሁለተኛ፤ ለመሥሪያ ቤቱ ክብር ስላለዎት ጥብቅ አቋም አመሰግናለሁ። ዐሥራ ዘጠነኛው ሲዲ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ይጠይቅ ነበር፦ የት ላስቀምጥ? በዚህ ሀርድ ዲስክ ላይ ያለው ይጥፋ ወይስ ይቆይ? የባለቤቱ ስም ማን ነው? ሰዓቱ የየት አገር ነው? የመጀመሪያውን ኮምፒውተር ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ እያየ እርስዎ ራስዎ ሊጭኑ ተቀምጠው፣ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ያልሆነ ቁልፍ ነክተው ሥራው ወደ መጀመሪያው ሲመለስብዎ፣ «ይሄ ዕቃ ማንን ነው የሚጠይቀው? እዚህ ቤት የሚጠይቀው እኔ ነኝ!» ማለትዎን መዝገብ ያዧ ህሊና ነግራኛለች። ወዲያውም ምንም የማይጠይቅ ሲዲ እንዲሠራ፣ ይህንን የሚጠይቀውን ደግሞ ወደ ቤቱ እንዲመልሰው አዘዙት።

ልጄ የማይጠይቅ ሲዲ መሥራት አይቻልም አላለም፤ ይቻላል፤ መልሶቹን ሁሉ አስቀድሞ ሲዲው ውስጥ መጻፍ ብቻ ነው። ግን ከጥያቄዎቹ አንዱ ያለው ይጥፋ ወይ የሚለው ስለሆነ፣ እሱ ካልተጠየቀ ሲዲው ያገኘውን ሁሉ አጥፍቶ እንደሚጭን ሊነግርዎ ሞክሮ ነበር። አትከራከር አሉት። በዚያ ቀን ራቱን እየበላ «እማዬ፣ ሰውዬው ጥያቄ ሲሰሙ የተሰደቡ ይመስላቸዋል» ብሎኝ፣ በማግሥቱ ሥራውን ጀመረ። በሦስት ቀን ጨረሰው። ልጄ የታዘዘውን የማይሠራ ሠራተኛ እንዳልነበረ በዚህ አጋጣሚ ባስታውስዎ ቅር አይበልዎት።

ሦስተኛ፤ የንብረት ክፍሉ አቶ ፈንታው ለመንግሥት ንብረት ስላላቸው ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። በጽሕፈት ቤቱ ግቢ ውስጥ ቁጥር ያልተለጠፈበት ወንበር፣ መጥረጊያ፣ የቆሻሻ ባልዲ እንደሌለ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ሲዲውም ንብረት ነውና ቁጥር ተለጠፈበት። ልጄ በሲዲው ፊት ላይ በቀይ ማርከር «ባዶ ኮምፒውተር ላይ ብቻ» ብሎ ጽፎ ነበር፤ ወረቀቱ ያረፈው «ባዶ» የሚለው ቃል ላይ ነው። ልጄ «አቶ ፈንታው፣ ዋናውን ቃል እኮ ሸፈኑት» ቢላቸው፣ አቶ ፈንታው «ዋናው ቁጥሩ ነው፤ ኦዲተር ሲመጣ ቃል አይቆጥርም» አሉት። ልክ ናቸው። አልቆጠረም።

አራተኛ፤ ስለ ሕመም ፈቃዱ አመሰግናለሁ። በጥቅምት መጀመሪያ ለቴፒ ቅርንጫፍ የተመደቡትን አምስት ኮምፒውተሮች እንዲያዘጋጅ ተልኮ፣ እዚያው እያለ ትኩሳት ያዘው። ጥቅምት 11 ቀን ሐኪም የጻፈለትን ወረቀት አያይዞ የአምስት ቀን ፈቃድ ጠየቀ። ጎብኚ ስለሚመጣ አምስቱም ኮምፒውተር በርቶ መታየት አለበት ተባለ። አምስቱም በርቶ ታየ። ጎብኚዎቹም ደስ ብሏቸው እንደተመለሱ ሰምቻለሁ። ፈቃዱ ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት በሠልስቱ ቀን ድንኳን ድረስ መጥቶልኛል፤ ያመጡት አቶ ፈንታው ነበሩ። አጠገቤ ቁጭ አሉና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «እግዜር ያጥናዎት እማማ። ለመሆኑ የዋናውን ኮምፒውተር ፓስወርድ አልነገረዎትም?» አሉኝ። ወረቀቱን አስቀምጬዋለሁ። ልጄ ከተፈቀደለት አምስት ቀን አሳልፎ የቀረ ሠራተኛ መሆኑን አልክድም።

አምስተኛ፤ ጥር 23 ቀን ስለሆነው ነገር። የህሊና ኮምፒውተር፣ ማለትም የአራት ዓመቱ መዝገብ ያለበት፣ ቫይረስ ገብቶበት መንቀራፈፍ ጀምሮ ነበር። ህሊና ምሳ ስትወጣ አቶ ፈንታው ሊረዷት አስበው ከካዝና ውስጥ ቁጥር የተለጠፈበትን ሲዲ አወጡ። የሚታየውን ጽሑፍ አነበቡ፤ «ኮምፒውተር ላይ ብቻ» ይላል። ፊታቸው ያለው ኮምፒውተር ነው። አስገቡት። ሲዲው እርስዎ እንዳዘዙት ማንንም ሳያስቸግር፣ አንዲት ጥያቄ ሳያነሳ፣ ሥራውን ጀመረ። ህሊና ከምሳ ስትመለስ ስክሪኑ ሠላሳ አራት ደቂቃ ይቀራል ይል ነበር። ልጄ ሲሠራ አይታ ስለነበር ገባት። ቁጭ ብላ «አቶ ፈንታው፣ የቱን ነው ያስገቡት?» አለቻቸው። «ቁጥር ያለውን» አሏት።

ስድስት ሺህ አራት መቶ ገበሬ ከነመሬቱ፣ ከነቡናው እግር ብዛት በዚያ ምሳ ሰዓት ጠፋ። መዝገቡ ሌላ ቦታ ቅጂ እንዲኖረው ልጄ ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቆ፣ ሦስቱንም ጊዜ በጀት ሲኖር የሚታይ ይሆናል ተብሏል። ይህ ሁሉ ሲሆን ልጄ ከሞተ ሦስት ወር አልፎታል። ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ አምስት ሰው ለአምስት ሳምንት መርምሮ፣ ጥፋተኛውን አገኘ። በሕይወት ካለው ሠራተኛ ሁሉ መካከል አንድም ጥፋተኛ ባለመገኘቱ በጽሕፈት ቤቱ ስም ደስ ብሎኛል።

ስድስተኛ፤ ስለ መስተንግዶው አመሰግናለሁ። ማስታወቂያው እንዲነሳ ለመለመን ሦስት ጊዜ መጥቻለሁ። በመጀመሪያው ቀን ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሁለተኛው ቀን ጸሐፊዎ ማስታወቂያ የሚነሳው የተጠራው ሰው ሲቀርብ ነው አለችኝ፤ የተጠራው ሰው ሞቷል ብላት፣ ማስረጃ አምጪ አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ከቤተ ክርስቲያንና ከቀበሌ ሁለት ወረቀት ይዤ መጣሁ። ወረቀቶቹ ትክክል መሆናቸው ታይቶ፣ ነገር ግን በአምስት ሰው ፊርማ የተለጠፈ በአምስት ሰው ፊርማ ብቻ እንደሚነሳና፣ ከአምስቱ አንዱ ሥልጠና ሄዶ ገና እንዳልተመለሰ ተነገረኝ። በትሕትና ነው የተነገረኝ፤ ወንበርም ሰጥተውኛል፤ ቁጥሩ 0318 ነው።

ይህንንም ቢሆን ዝም ብዬ እችለው ነበር። በከተማው ልጄን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማያውቀው የፈለገውን ይበል ብዬ ነበር። ዝም ማለት ያልቻልኩት ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ ኮረሪማ ዘርግቼ ተቀምጬ ሳለ አንድ ሰው መጥቶ ስለቆመብኝ ነው። እንድርያስ ይባላሉ፤ ከሸኮ በኩል የመጡ የቡና ገበሬ ናቸው፤ ስማቸው ስለጠፋ እንደገና ሊመዘገቡ ሁለተኛ ጊዜያቸው ነው የመጡት። ኮረሪማውን አልጠየቁም፤ የባስልኤል እናት መሆኔን ሰው ጠቁሟቸው ነው የመጡት። ቆባቸውን አውልቀው «እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጅሽን እኛ ምን አደረግነው? ለምን ስማችንን አጠፋ?» አሉኝ። የተቆጡ አልነበሩም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። በእርግጥ ማወቅ ፈልገው ነው የጠየቁኝ፤ ምናልባት ሳያውቁ አስቀይመውት እንደሆነ ብለው።

እኔም፣ የእናንተ ስም በደንብ በፊደል እንዲጻፍ ብሎ ነው ክረምቱን ሙሉ ከጠረጴዛ ያልተነሳው፤ የሞተውም መዝገባችሁ ሳይጠፋ ነው፤ አልኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ። «እኔ ምን አውቃለሁ እማማ፤ ሰሌዳው ይላል፤ ልጄ ናት ያነበበችልኝ። ማኅተም አለው አለች» አሉኝና፣ ሳላስበው ከኮረሪማው ጥቂት ገዝተው ሄዱ። እንግዲህ ክቡር ኃላፊ፣ ከሸኮም ከማጂም መንገድ በየሳምንቱ ስማቸውን ሊያስመዘግቡ የሚመጡ ሰዎች፣ ወረፋ ሲጠብቁ የሚያነቡት ሌላ ነገር ስለሌለ ያንን ያነባሉ። ስድስት ሺህ አራት መቶ ቤት ውስጥ ልጄ በዚያ ስም እየገባ ነው። እኔ በአንድ ገበያ ቀን ለአንድ ሰው ብቻ ነው መልስ መስጠት የምችለው።

አሁን ወደ አንዲት ወረቀት ልምጣ። ልብሱን ለነዳያን ለመስጠት ስለይ፣ ከሸሚዞቹ ሥር የወረቀት ማኅደር አገኘሁ። ልጄ ወረቀት አይጥልም ነበር። በውስጡ መስከረም 17 ቀን 2004 ዓ.ም. ለእርስዎ የጻፈው ማስታወሻ አለ። ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ «በታዘዝኩት መሠረት ምንም ዓይነት ጥያቄ የማይጠይቅ ሲዲ ማዘጋጀት የሚቻል ሲሆን፣ ሲዲው በሀርድ ዲስኩ ላይ ያለውን መረጃ በሙሉ ሳይጠይቅ አጥፍቶ የሚጭን በመሆኑ፣ መረጃ ባለበት ኮምፒውተር ላይ በስሕተት ቢገባ መዝገቡን መመለስ እንደማይቻል አስቀድሜ አሳውቃለሁ። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ጥያቄ እንዲቀርለት ፈቃድዎን እጠይቃለሁ።» ልጄ የለመነው አንድ ጥያቄ እንዲተርፍ ብቻ ነበር።

ከወረቀቱ ግራ ጠርዝ ላይ፣ በእርስዎ አረንጓዴ እስክሪብቶ፣ ከላይ ወደ ታች እንዲህ ተጽፏል፦ «ታይቷል። አንድም ጥያቄ ሳይቀር ተነስቶ በአስቸኳይ ይሠራ።» ፊርማ አለው። ቀን አለው። ማኅተምም አለው፤ አቶ እንድርያስ ማኅተም ያለውን ስለሚያምኑ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ይህንን ወረቀት ያገኘሁት በታኅሣሥ ነው። ማስታወቂያው ከወጣም በኋላ ለማንም ሳላሳይ እስካሁን አቆይቼዋለሁ፤ ሰው ማዋረድ ልጄን አይመልስልኝም ብዬ ነበር። አሁንም አይመልስልኝም። ግን እርስዎ ስምዎን ከዚያ ጠርዝ ላይ ማንሳት እንደማይችሉ ሁሉ፣ እኔም የልጄን ስም ከሰሌዳዎ ላይ በእጄ ማንሳት አልችልም፤ የመንግሥት ማስታወቂያ መቅደድ ወንጀል መሆኑን ጸሐፊዎ ነግራኛለች። ከማስታወቂያው አጠገብ ሌላ ወረቀት መለጠፍ ወንጀል መሆኑን ግን አልነገረችኝም። ስለዚህ ሚያዝያ 18 ቀን፣ ሥራ ሲወጣ፣ ማስታወቂያው አሁንም እዚያው ካለ፣ የማስታወሻውን ፎቶ ኮፒ ከጎኑ እለጥፋለሁ፤ በማግሥቱ የሚያልፈው ሰው ሁለቱንም አንብቦ ራሱ ይፍረድ። የእርስዎ ከተነሳ የእኔም ከቤት አይወጣም። ሌላ ማስታወቂያ ጽፈው፣ መዝገቡን ያጠፋው ባስልኤል እንዳልሆነ ቢያሳውቁልኝ ደግሞ፣ ዋናውን ወረቀት አምጥቼ በእጅዎ አስረክብዎታለሁ፤ አቶ ፈንታው ቁጥር ይለጥፉበት።

የወገብዎን ብርታት፣ የወንበርዎን ጽናትና የማኅተምዎን ቀለም እግዚአብሔር እንዲጠብቅልን እየለመንኩ፣ በመልካም ጤንነት ቆይተው ልጆችዎን ለወግ ለማዕረግ እንዲያበቁ፣ እኔ ያየሁትንም ፈጽሞ እንዳያዩ ከልብ እየተመኘሁ፣ ይህንን ረጅም ደብዳቤ ለማንበብ ለሚያጠፉት ጊዜ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በሦስት ቀን ውስጥ ቢጠሩኝ በአካል ቀርቤ ማስረዳት የምችለው፣
አክባሪዎ የዓለምዘርፍ አስረስ
(ፊርማ)

አባሪ፦ የማስታወሻው ፎቶ ኮፒ፣ አንድ ገጽ

ግልባጭ (ማስታወቂያው እስከ ሚያዝያ 18 ካልተነሳ ብቻ የሚላክ)፦
ለአምስቱ የኮሚቴ አባላት (ሥልጠና ላይ ላሉት ሲመለሱ ይሰጥልኝ)
ለእድራችን
ለአቶ እንድርያስ፣ ሸኮ፣ በልጃቸው በኩል

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፤

ደብዳቤውን አጥፌ ፖስታ ውስጥ ላስገባ ስል ህሊና መጣች። የቴፒዎቹ ኮምፒውተሮች ከአምስቱ አራቱ ተበላሽተው ምዝገባው ስለቆመ፣ ገበሬውም በር ላይ ስለተሰለፈ፣ የማይጠይቀውን ሲዲ ደግሞ ከእንግዲህ ለመንካት የሚደፍር ስለጠፋ፣ ያ የሚጠይቀው ሲዲ እኔ ቤት ቀርቶ እንደሆነ እንድትጠይቀኝ እርስዎ ልከዋት ነው። አፍራ፣ ከበሩ አልገባም ብላ ነበር፤ አስገብቼ ምሳ አብልቻታለሁ። ሲዲው አለ። ሰጥቻታለሁ፤ ለእርስዎ ብዬ ሳይሆን ለተሰለፉት ብዬ። ሲጭኑ የሚጠይቀውን እያነበቡ ይመልሱ።

እንዳይደነግጡ አንድ ነገር ላሳውቅዎ። ሥራው ሲያልቅ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር፣ ቀድሞ የዊንዶውስ ምልክት ይታይ በነበረበት ቦታ ላይ በማይጠይቀው ሲዲ ላይ ያልነበረ አንድ የቡና ቅርንጫፍ ሥዕል ይመጣል፤ ከሥሩም «አዘጋጅ፦ ባስልኤል ጌታሁን፣ ሚዛን ተፈሪ» ይላል። ማለዳ ማለዳ፣ በቴፒም፣ እዚህም ከተጫነ በእርስዎ ቢሮ፣ ሠራተኛው ሁሉ ያየዋል። ስሙን ከዚያ ላይ ማንሳት እንደሚቻል ነግሮኝ ነበር። እንዴት እንደሚነሳ የሚያውቀው ግን እሱ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ በአካል እስኪቀርብ እየጠበቁት ነው።